ለሜላኖማ የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል? መጀመሪያ ሚሊሜትሩን ጠይቁ

አክስቴ አጋሮ አካባቢ የምትኖር ቡና ገበሬ ናት። ተረከዟ ላይ ጥቁር ነገር ስታይ እሾህ ወግቷት ደም የቋጠረ መሰላት። ዝም ብላ ከረመች። ሲብስባት አንድ ክሊኒክ ሄደች። ‹‹ኪንታሮት ነው›› ተብላ በኤሌክትሪክ ተቃጠለላት። የተቃጠለውን ሥጋ ለምርመራ የላከው ሰው የለም። ከወራት በኋላ ያው ጥቁረት በጠባሳው ዙሪያ ተመልሶ መጣ። ያኔ ጅማ እኔ ቤት አረፈችና ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ።

ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ቤቱ በምክር ተሞላ። አንዱ ዘመድ ‹‹እግሯ ካልተቆረጠ አትድንም›› አለ። ሌላው ‹‹ትንሽ ነገር ናት፣ ቆርጦ መጣል ነው›› አለ። ጎረቤታችን ‹‹ብረት እንዳይነካው! ብረት ከነካው ይበተናል›› ብላ አስጠነቀቀችን። አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ደግሞ በስልክ ‹‹ብሽሽቷ ላይ ያለው ዕጢ ካልወጣ ዋጋ የለውም›› አለን። ሁሉም ከልባቸው ነው የተናገሩት። እኛ ግን የቱን እንያዝ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ወራት ሙሉ ከቀጠሮ ቀጠሮ ያመላለስኩ አስታማሚ ነኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ነገሩን የገለጠልን አንድ ቁጥር ነው። የፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ፣ ማለትም የተወሰደው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ በሚጻፈው ውጤት ላይ፣ በሚሊሜትር የተጻፈው ቁጥር። ያንን ሳይዙ ስለ ቀዶ ሕክምና ማማረጥ ልክ ሳይወስዱ ልብስ እንደማሰፋት ነው።

በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ጥልቀት ነው። ሜላኖማ የሚነሳው ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡ ሴሎች ነው። መጀመሪያ በላይኛው ቆዳ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። የደምና የሊምፍ ቱቦዎች ያሉት ታች ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ወደ ጎን ስንት ሰፋ ሳይሆን ወደ ታች ስንት ገባ የሚለው ነው። ይህን ያሳየው አሌክሳንደር ብሬስሎ የሚባል አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970። ልኬቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንደ ሳንቲም የሰፋ ጥቁረት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሊሆን ይችላል። የሽንብራ ፍሬ የምታህል እብጠት ደግሞ አራት ሚሊሜትር ገብታ ልትገኝ ትችላለች። በዓይን አይታወቅም።

ሁለተኛው ቦታው ነው። ስለ ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነጭ ቆዳ ስላላቸውና ፀሐይ ስላቃጠላቸው ሰዎች ነው። እኛ ላይ ግን በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው። ውስጥ እግር ላይ፣ ተረከዝ ላይ፣ ጥፍር ሥር፣ አንዳንዴም መዳፍ ላይ። ለዚህ ነው እሾህ፣ ኪንታሮት ወይም የጥፍር ፈንገስ የሚመስለን። ቦታው ደግሞ ቀዶ ሕክምናውን ይወስናል። ጀርባ ላይ ያለ ቁስል በቀላሉ ይሰፋል። ተረከዝ ላይ ግን የሚሳብ ትርፍ ቆዳ የለም።

ሦስተኛው የሊምፍ ዕጢዎቹ፣ ማለትም በሊምፍ ቱቦ የሚመጣውን ፈሳሽ የሚያጣሩት ትንንሽ ዕጢዎች፣ ሁኔታ ነው። ለእግር ብሽሽት፣ ለእጅ ብብት ይታያል። በእጅ የሚዳሰስ ጠንካራ ንፍፊት አለ ወይስ የለም?

አራተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ሕይወት ነው። ይህን ሐኪሙ ካልተጠየቀ ላያነሳው ይችላል። አክስቴ በቀን ብዙ ሰዓት ቆማ የምትውል ሰው ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ትለቅማለች። ‹‹መቼ እቆማለሁ?›› የሚለው ጥያቄ ለእሷ ትርፍ ጥያቄ አልነበረም።

አምስተኛው የት ይሠራል፣ በስንት ወጪ የሚለው ነው። ወጪ ስል የቀዶ ሕክምናውን ክፍያ ብቻ አይደለም። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ፣ ማረፊያው፣ የአስታማሚ ምግብ፣ ለወራት የሚገዛው ፋሻ ሁሉ ይቆጠራል።

ናሙና አወሳሰድ፦ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም

ከሁሉ በፊት ናሙና ወይም ባዮፕሲ አለ። እዚህ አራት ነገሮች ይቀርቡላችኋል።

የሚመረጠው ጥቁረቱን ከዳሩ ከአንድ እስከ ሦስት ሚሊሜትር ጨምሮ ሙሉውን ማውጣት ነው። ፓቶሎጂው ሁሉንም ስለሚያይ ጥልቀቱ በትክክል ይለካል። ቁስሉ ትልቅ ከሆነ ወይም ተረከዝና ጥፍር ላይ ከሆነ ሙሉውን ማውጣት ይከብዳል። ያኔ በክብ መቁረጫ ወይም በቢላ በጣም ከጠቆረው ወይም ካበጠው ቦታ ይወሰዳል። ይህም ጥሩ ነው፤ ጥልቅ የሆነው ቦታ ካመለጠ ግን ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል። ሦስተኛው ከላይ ብቻ በስሱ መላጨት ነው። ታችኛው ክፍል ስለሚቀር ልኬቱ ይበላሻል። ለሚያጠራጥር ውስጥ እግር ላይ ላለ ጥቁረት እኔ እምቢ እላለሁ።

አራተኛው ማቃጠል ነው። በኤሌክትሪክ ይሁን፣ በሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሁን፣ በሌዘር ወይም በሚያቃጥል ቅጠል፣ ልዩነት የለውም። ሁሉም ማስረጃውን ያጠፋሉ። የአክስቴ ውጤት 2.3 ሚሊሜትር ሆኖ መጣ። ግን ከመቃጠሉ በፊት ስንት ነበር? በእሳቱ የጠፋውን ማንም መልሶ ሊለካው አይችልም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ያኔ ርካሹ እሱ ነበር። በኋላ ግን ከሁሉ በላይ ያስከፈለን እሱ ሆነ።

‹‹ብረት ከነካው ይበተናል›› የሚለውን ፍርሃት አቃልዬ አላልፈውም። ሰው ይህን የሚለው ያየውን ይዞ ነው። ዘመዱ ዘግይቶ ሆስፒታል ገባ፣ ተቀደደ፣ ከወራት በኋላ ሞተ። የገደለው ግን ቢላው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ሲገባ በሽታው አስቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። ናሙና መውሰድ ሜላኖማን እንደማይበትን ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል። ቀጠሮው ግን አይለፍ።

ወረቀቱ ሲመጣ ሦስት ነገር ፈልጉበት። ጥልቀቱ በሚሊሜትር ስንት ነው? ላዩ ቆስሏል ወይስ አልቆሰለም? የተቆረጠው ዳር ንጹህ ነው ወይስ በሽታው እስከ ዳሩ ደርሷል? ‹‹ሜላኖማ›› ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ተመልሳችሁ ‹‹ጥልቀቱ ይጻፍልን›› በሉ። መብታችሁ ነው። ወረቀቱንም በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛ አንዴ ጠፍቶብን ግማሽ ቀን ካርድ ክፍል በር ላይ ቆመናል።

ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ማውጣት

ዋናው ሕክምና ይህ ነው። ናሙና የተወሰደበትን ቦታ ጤነኛ ከሚመስለው ዙሪያው ጋር፣ ወደ ታችም ጡንቻውን እስከሸፈነው ሽፋን ድረስ ማውጣት። ስንት ይስፋ? እዚህ ላይ ሚሊሜትሩ ይናገራል።

በሽታው ገና ላይኛው ቆዳ ውስጥ ብቻ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ዙሪያውን ይበቃል። እስከ አንድ ሚሊሜትር ከገባ አንድ ሴንቲ ሜትር። ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ከሁለት ሚሊሜትር ካለፈ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ድሮ አምስት ሴንቲ ሜትር ድረስ ይቆረጥ ነበር። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ከሁለት በላይ ማስፋት በሕይወት የመቆየት ዕድልን እንደማይጨምር ታየ። ስለዚህ ‹‹ብዙ ከተቆረጠ ብዙ ይድናል›› የሚለው ሐሳብ ትክክል አይደለም። እግሯ ካልተቆረጠ ያለው ዘመዳችንም ይህን ሲሰማ ተረጋጋ። ዛሬ ለአንድ ተረከዝ ሜላኖማ ብሎ እግርን ከቁርጭምጭሚት በላይ መቁረጥ የተለመደ መፍትሔ አይደለም። በሽታው አጥንት ውስጥ ገብቶ ወይም እግሩ ሌላ መላ አጥቶ ካልሆነ በቀር።

አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ አስሉ። ጥቁረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆንና በየጎኑ ሁለት ቢጨመር ጉድጓዱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ ለአዋቂ ሰው ተረከዙን ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። ታዲያ በምን ይዘጋል?

ጉድጓዱ በምን ይዘጋ?

ከሁሉ በላይ ልትነጋገሩበት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሽታውን ማውጣቱ አንድ ቀን ነው። አዘጋጉ ግን ዕድሜ ልክ አብሮ የሚሄድ ነገር ነው።

በክር መስፋት ከሁሉ ቀላል ነው። ለጀርባ፣ ለክንድ፣ ለጭን ይሆናል። በአካባቢ ማደንዘዣ ተሠርቶ በዚያው ቀን ቤት መሄድ ይቻላል። ለተረከዝ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ክፍት ትቶ በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ለብዙዎቻችን ቸልተኝነት ይመስለናል። ነገር ግን ለውስጥ እግር የታወቀ አማራጭ ነው። ሌላ ቦታ አይቆረጥም። የሚያድገው ጠባሳ ጠንካራ ይሆናል። ችግሩ ጊዜው ነው። ወራት ሊወስድ ይችላል። በየጊዜው መታጠብና ፋሻ መቀየር ይፈልጋል። ንጹህ ውኃና አቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ ላለው ሰው ይሆናል። ስኳር ላለበት ወይም የእግሩ ደም ዝውውር ደካማ ለሆነ ሰው ግን በጣም ይከብዳል።

ከጭን ስስ ቆዳ ወስዶ መለጠፍ፣ ግራፍት የሚሉት፣ ለአክስቴ የተደረገላት ነው። አብዛኛው አጠቃላይ ቀዶ ሐኪም የሚያውቀው ሥራ ነው። ትልቅ ጉድጓድ በአንዴ ይሸፍናል። የተለጠፈው እንዲይዝ ለሳምንታት በእግር መቆም አይፈቀድም። ክራንች ያስፈልጋል። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ያስፈልጋል። ቆዳው የተወሰደበት ጭንም በራሱ አንድ ቁስል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ከተረከዙ በላይ የሚያመው እሱ ነው። ከያዘ በኋላስ? ከጭን የመጣ ቆዳ ጭን ነው፤ ክብደት መሸከም አልተፈጠረለትም። ተረከዝ ሥር ያለው ወፍራም የስብ ትራስ የለውም። ስሜቱም ደካማ ነው። ይሰነጠቃል፣ ይቆስላል። አክስቴ አሁን ለስላሳ ንጣፍ ያለው ጫማ ታደርጋለች። በባዶ እግር መሄድ ቀርቷል።

አራተኛው ፍላፕ ነው። ክብደት ከማይሸከመው ከውስጥ እግር ጎድጓዳ ክፍል ቆዳውን ከነስቡና ከነደም ሥሩ አንስቶ ወደ ተረከዙ ማዞር። የተነሳበት ቦታ ደግሞ በጭን ቆዳ ይሸፈናል። የተረከዝ ቆዳን የሚመስል፣ ስሜት ያለው፣ መቆምን የሚችል ሽፋን ይሰጣል። ረጅም ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሐኪም፣ ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል። ስለዚህ ‹‹ፍላፕ ይሆናል ወይ? እዚህ የሚሠራ ሰው አለ?›› ብላችሁ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ። እኛ የጠየቅነው ግራፍቱ ከተለጠፈ በኋላ ነበር። ቆሞ ለሚሠራ ገበሬ፣ ለሊስትሮ፣ ለቀን ሠራተኛ፣ አቅምና ሐኪም ከተገኘ የእኔ ምርጫ ፍላፕ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋና ብዙ ለማይሄዱ ግን ግራፍቱ ወይም በራሱ እንዲሞላ መተው ያንሳል አልልም።

ጥፍር ሥር ከሆነስ?

እዚህ ምርጫው በሁለት መካከል ነው። በሽታው ገና ላይኛው ሽፋን ውስጥ ከሆነ ጥፍሩን ከነመኝታው አውጥቶ ቆዳ መለጠፍ ይቻላል። ጣቱ ይቀራል። ወደ ውስጥ ከገባ ግን ጥፍሩ ሥር ቆዳና አጥንት በጣም ስለሚቀራረቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ጣቱን ከመጋጠሚያው መቁረጥ ነው። ሙሉ እግር አይደለም። ብዙ ጊዜ ሙሉ ጣትም አይደለም።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። ቦብ ማርሊ በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ሜላኖማ ተገኘበት። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎት ነበር። ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት። በእምነቱ ምክንያት አልተቀበለም። ጥፍሩና መኝታው ወጥቶ ቆዳ ተለጠፈለት። በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ቢቆረጥ ይድን ነበር ብሎ መናገር አይቻልም። ግን ሜላኖማ ‹‹የነጭ በሽታ›› ለሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። ጥፍር ሥር የወጣና እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር፣ በተለይ ወደ ጥፍሩ ሥር ቆዳ ከተሻገረ፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ብሽሽትና ብብት፦ ይነካ ወይስ ይጠበቅ?

የአጎቴ ልጅ በስልክ ያለው ግማሹ እውነት ነበር። ሜላኖማ ሲጓዝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በአቅራቢያ ባለው የሊምፍ ዕጢ ነው። ግን ‹‹ዕጢው ይውጣ›› ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኛው የመጀመሪያዋን ዕጢ ብቻ ፈልጎ አውጥቶ መመርመር ነው። ሐኪሞች ሴንቲኔል ይሏታል። የበር ዘበኛ ማለት ነው። ቁስሉ አጠገብ ሰማያዊ ቀለምና ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ፈሳሽ ይወጋል። ፈሳሹ መጀመሪያ የደረሰባት ዕጢ ትለቀማለች። ዘዴውን ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቹ በ1992 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ንፍፊት ለማይዳሰስበት ሰው ይመከራል። ከ0.8 እስከ 1 ለሆነ ወይም ላዩ ለቆሰለ ደግሞ ይታሰባል። በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ፈሳሹን፣ መለኪያ መሣሪያውንና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፦ የሚሠራው ሰፊው ቀዶ ሕክምና ሲደረግ፣ በአንድ ላይ ነው። ቦታው አንዴ ሰፍቶ ተቆርጦ ቆዳ ከዞረበት የፈሳሹ መንገድ ይለወጣል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ለማሠራት ካሰባችሁ ጅማ ላይ ሰፊውን ቆርጦ ማውጣት ከማድረጋችሁ በፊት ወስኑ።

ሁለተኛው መጠበቅ ነው፤ በቀጠሮ፣ በእጅ በመዳሰስና በአልትራሳውንድ። መጠበቅ መተው አይደለም። ዘበኛዋን መመርመር በሽታው የት እንደደረሰ ይነግራል። ለሁሉም ሰው በሕይወት የመቆየት ዕድልን እንደሚጨምር ግን አልታየም። ጥቅሙ የሚጎላው ውጤቱን ተከትሎ የሚሰጥ መድኃኒት ሲኖር ነው። ኢሚውኖቴራፒ የሚባሉት፣ የሰውነትን መከላከያ አነቃቅተው ካንሰሩን የሚያስዋጉት መድኃኒቶች ደግሞ ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይደረስባቸው ናቸው። እኛ ይህን ሁሉ ተነጋግረን አልትራሳውንዱን መረጥን። ልክ ነን ብዬ ማንንም አልጎትትም። መድኃኒቱን ማግኘት ለሚችል ሰው ዘበኛዋን ማስመርመር ይሻላል እላለሁ።

ሦስተኛው የብሽሽቱን ወይም የብብቱን ዕጢዎች በሙሉ ማጽዳት ነው። ንፍፊቱ ከተዳሰሰና በመርፌ ናሙና ሜላኖማ መሆኑ ከተረጋገጠ ተገቢ ነው። በጥንቃቄ ስም ያለ ማስረጃ ማድረግ ግን ጉዳቱ ይበዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. ከ1,900 በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ሁሉም ዘበኛ ዕጢያቸው ላይ በሽታ የተገኘባቸው ናቸው። ግማሾቹ የቀሩት ዕጢዎች በሙሉ ወጡላቸው። ግማሾቹ በአልትራሳውንድ ተጠበቁ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን 86 በመቶው ያህል በሜላኖማ አልሞተም። የእግርና የእጅ እብጠት ግን በሙሉ በወጣላቸው ላይ 24.1 በመቶ፣ በተጠበቁት ላይ 6.3 በመቶ ሆነ። እብጠቱ ሲከርም ዝሆኔን ይመስላል። በየማሳው ቆሞ ለሚውል ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ብሽሽት ደግሞ ሲቀደድ ይመረቅዛል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ቶሎ አይጠግም።

በአጭሩ የሚታለፉ ሁለት አማራጮች

ሞህስ የሚባለው ቀዶ ሕክምና በስስ እየቆረጡ ወዲያው በማይክሮስኮፕ እያዩ የሚሄዱበት ነው። የፊት ቆዳን ለመቆጠብ ጠቃሚ ነው። ለውስጥ እግር ሜላኖማ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። እዚህም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ አትባክኑበት።

በሽታው ሳንባ ወይም ሌላ ቦታ ከደረሰ ደግሞ ቀዶ ሕክምና ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ያረፈን እብጠት ለማውጣት ወይም ሕመምና ደም መፍሰስን ለማስታገስ ይውላል። እዚያ ላይ እግሩን ማስቆረጥ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ነገር የለም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለማን ይሆናል | ዋናው ጥቅም | ዋናው ጉዳት | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ናሙና | ለትንሽ ጥቁረት | ትክክለኛ ጥልቀት | ትንሽ ጠባሳ | ዝቅተኛ |
| ከፊል ናሙና | ለተረከዝ፣ ለጥፍር፣ ለሰፊ ቁስል | ሳይዘገይ ይታወቃል | ጥልቀቱን ሊያሳንስ ይችላል | ዝቅተኛ |
| ማቃጠል | ለማንም አይሆንም | የለም | ማስረጃ ያጠፋል | ዛሬ ርካሽ፣ ነገ ውድ |
| ሰፊ ቆርጦ ማውጣትና መስፋት | ለጀርባ፣ ለክንድ፣ ለጭን | በአንድ ቀን ያልቃል | ለተረከዝ አይሆንም | ዝቅተኛ |
| በራሱ እንዲሞላ መተው | ለውስጥ እግር፣ በቅርብ ክትትል ላለው | ሌላ ቁስል የለም | ወራት ይወስዳል | የፋሻና የምልልስ ወጪ |
| ግራፍት | ለትልቅ ጉድጓድ | ቶሎ ይሸፍናል | ተረከዝ ላይ ይሰነጠቃል | መካከለኛ፣ አልጋና ክራንች |
| ፍላፕ | ቆሞ ለሚሠራ ሰው ተረከዝ | ክብደት ይሸከማል | ረጅም ቀዶ፣ ልዩ ባለሙያ | ከፍተኛ |
| ጣት መቁረጥ | ጥልቅ ለሆነ የጥፍር ሥር ሜላኖማ | በሽታውን በንጽህና ያወጣል | ጣት ይጎድላል | መካከለኛ |
| ዘበኛ ዕጢ መመርመር | ከ1 ሚ.ሜ. በላይ፣ ንፍፊት ለሌለው | ደረጃውን ያሳውቃል | በጥቂት ቦታ ብቻ ይገኛል | ከፍተኛ፣ ጉዞ ያስፈልጋል |
| በአልትራሳውንድ መጠበቅ | ቀጠሮ ለማያጓድል | እግር የማበጡ ዕድል ያንሳል | ቀጠሮ ከቀረ አደጋ ነው | ዝቅተኛ ግን ለዓመታት |
| ዕጢዎችን በሙሉ ማጽዳት | በሽታው በዕጢ መኖሩ ለተረጋገጠ | የሚታየውን በሽታ ያወጣል | እብጠት፣ ቁስሉ መመርቀዝ | ከፍተኛ |

እንደየኑሯችሁ

አቅማችሁ አጭር ከሆነ ገንዘቡን መጀመሪያ ናሙናው ላይ አውሉት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን አድሱና ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር ይዛችሁ ግቡ። ሰፊው ቆርጦ ማውጣትና ግራፍት ጅማ ላይ ይሠራል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራቡ የሪፈራል ሆስፒታል ነው። ከቦንጋም ከመቱም ሰው የሚመጣው ወደዚህ ነው። ጥልቀቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ከሆነና ንፍፊት ከሌለ አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ በሬ አትሽጡ። አብዛኛው ሰው በዚህ ደረጃ በቀዶ ሕክምናው ብቻ ይድናል።

ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ጥቂት አቅም ካላችሁ፣ ወረቀቱን ይዞ አንድ ሰው ብቻ አስቀድሞ አዲስ አበባ ይሂድ። ታማሚውን አታንገላቱት። ዘበኛ ዕጢውን የሚሠራ አለ? ወረፋው ስንት ነው? ፍላፕ የሚሠራ ሐኪምስ? መልሱን ይዞ ይመለስና ያኔ ወስኑ። ወረፋው ወራት ከሆነ ግን ሰፊውን ቆርጦ ማውጣት ለዚያ ብላችሁ አታዘግዩ።

ታማሚው ብቸኛ አርሶ አደር ከሆነ ስለ ሥራው ለሐኪሙ ንገሩት። ‹‹ባዶ እግሬን ነው የምሠራው፣ ቤቴ ዳገት ላይ ነው፣ የሚያግዘኝ ልጅ የለኝም›› ማለት ሐኪሙ የሚመርጠውን አዘጋግ ይለውጣል። ቀዶ ሕክምናው ከለቀማ ጋር ቢጋጭም ለምርቱ ብላችሁ አታስተላልፉት። ለቃሚ ይቀጠራል፣ እድርተኛ ይለመናል። እኛም ጎረቤት አስለቅመን ነው ያለፍነው።

ንፍፊት ከተዳሰሰ ጊዜ የለም። መጀመሪያ በመርፌ ናሙና ይረጋገጥ። ከዚያ ደረትና ሆድ ይታዩ። በሽታው ሌላ ቦታ ከሌለ ማጽዳቱ ተገቢ ነው። ሌላ ቦታም ካለ ቀዶ ሕክምና ከማስፋት በፊት የካንሰር ሐኪም ያናግራችሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ክትትል በሁሉም አማራጭ ውስጥ አለ። በአልትራሳውንድ ለሚጠበቅ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየአራት ወሩ፣ ከዚያ እስከ አምስተኛው ዓመት በየስድስት ወሩ ማየት ከላይ ባነሳሁት ጥናት የተሠራበት ነው። በመሃል ቤት ውስጥ በየወሩ ጠባሳውን፣ ከጠባሳው እስከ ብሽሽት ያለውን ቆዳና ብሽሽቱን ራሱ ዳስሱ። ሌላውንም እግር አትርሱ። አክስቴ ይህን የምታደርገው እግሯን ስትታጠብ ነው። ውስጥ እግሯን ለማየት ትንሽ መስታወት ገዝቼላታለሁ። የማታየውን ደግሞ የልጅ ልጇ ታይላታለች።